መንገድ የሚያቀርበውና የሚያርቀው

ስለ አንድ ከተማ ዕድገት በሚነገርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠቀሰው መንገዱ ነው። ስፋቱ፣ የአስፋልቱ ጥራት፣ የመብራቱ ድምቀት፣ የድልድዩ ከፍታ ይቈጠራል። ይህ አቈጣጠር ስሕተት አይደለም፤ መንገድ የሌለው ከተማ ከተማ ሊባል አይችልምና። ነገር ግን ከዚህ ቈጠራ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ይህ መንገድ ማንን ከማን ጋር አገናኘ? ማንንስ ከማን አራቀ? የሚል ነው። የመንገዱን ርዝመትና ስፋት መሐንዲሱ ይለካዋል፤ ይህኛው ጥያቄ ግን የኅሊና ጥያቄ ስለሆነ በሜትር አይመለስም። ስለዚህም መንገድ የመሥራት ሥልጣን ያላቸውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ የሚሄደውን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ሰፈርና ድልድይ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አካባቢ ስትቈረቈር እንደ አንድ ከተማ ሳይሆን እንደ ብዙ ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። “ሰፈር” የሚለው ቃል ራሱ ሠራዊት ያረፈበትን ቦታ ያመለክታል። መኳንንቱ በተሰጣቸው ኮረብታ ላይ አስቀድመው ድንኳናቸውን፣ ቈይተውም ቤታቸውን ሲተክሉ ተከታዮቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ግን ገደልና ወንዝ ነበረ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎችም ከእንጦጦ ተራራ ሥር እየወረዱ ከተማይቱን ይከፋፍሏታል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ በዚህ ማዶ ያለው ሰው በዚያ ማዶ ያለውን ዘመዱን በዓይኑ እያየው ሊደርስበት አይችልም ነበር።

“እሪ በከንቱ” የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በሸለቆው ውስጥ ወንበዴ ያገኘው ሰው ቢጮኽም የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ታሪኩ እንደ ተነገረው ይሁን አይሁን፣ ስሙ ግን አንድ ታላቅ እውነት ይዟል። መንገድ በሌለበት ቦታ የሰው ጩኸት ይሰማ ይሆናል እንጂ ረዳት አይደርስም። ስለሆነም ድልድይ ሠርቶ ሁለት ሰፈሮችን ማገናኘት የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ለሚጮኽ ሰው የመድረስ ጉዳይ ነው።

አበው “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያለው ጥበብ፣ ግዴታ የሚወለደው ከደም ብቻ ሳይሆን ከቅርበትም ጭምር መሆኑን ማስገንዘቡ ነው። ሌሊት በር የሚያንኳኳው፣ ሬሳ የሚያወጣው፣ ወላድ የምታርሰው፣ ሕፃን የምትጠብቀው ጎረቤት ናት። ታዲያ ቅርበት ምንድን ነው? ቅርበት በሜትር ብቻ የሚለካ ነገር አይደለም። በአጥር ማዶ በሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለ፣ ግን ዙሮ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ሰው ሩቅ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ ግን አውቶቡስ በሰዓቱ የሚያደርሰን ሰው ቅርብ ነው። እንግዲህ መንገድን የሚቀይስ ሰው ማን ለማን ጎረቤት እንደሚሆን ጭምር ይወስናል ማለት ነው። የመንገድ ሥራ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሩቁን አገናኝቶ ቅርቡን መለየት

መንገድ ሁሉ ያገናኛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለት ሩቅ ነጥቦችን በፍጥነት የሚያገናኝ መስመር፣ በመካከል ያሉትን ሁለት ቅርብ ነጥቦች ሊለያይ ይችላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሠራው የቀለበት መንገድ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። መንገዱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የከተማውን መሐል ሳያጨናንቁ እንዲያልፉ አስችሏል፤ ይህ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ዳሩ ግን በመካከሉ የቆመው የኮንክሪት ግንብ፣ ትናንት በእግሩ ተሻግሮ ወፍጮ ቤት ይሄድ የነበረውን ሰው ሩቅ ወዳለ የእግረኛ ድልድይ እንዲጓዝ አስገደደው። ወጣቱ ግንቡን ይዘላል፤ አሮጊቷና ነፍሰ ጡሯ፣ በክራንች የሚሄደውና ሸክም የተሸከመው ግን መዝለል አይችሉም። ግንቡን ዘሎ የተገጨውንም ሰው ሕግ ተላላፊ ነው እንላለን እንጂ ሕጉን ስናወጣ እርሱን አስበነው እንደ ነበረ ራሳችንን አንጠይቅም።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ሁለቱ መስመሮች ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ፣ አያትን ከጦር ኃይሎች ጋር አገናኝተዋል። ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር በሚደርስ ዋጋ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከከተማው ዳር እስከ ዳር ማጓጓዙ ለዝቅተኛው ነዋሪ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች በአጥር የተከለለ በመሆኑ በግራና በቀኝ ያሉ ሰፈሮች መሻገሪያቸው ጥቂት ሆነ። ደንበኛ ከማዶ ይመጣለት የነበረው ባለ ሱቅ ደንበኛውን አጣ፤ ለቀስተኛውም ወደ ማዶው ድንኳን ለመድረስ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነበት።

ይህን የምናነሣው ባቡሩም ሆነ የቀለበት መንገዱ ባይሠሩ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ማን ነው? የሚለው መጠየቅ ስላለበት ነው። በመኪና የሚያልፈው ሰው ዐሥር ደቂቃ ሲያተርፍ በእግር የሚሻገረው ሰው ሃያ ደቂቃ ከከሰረ፣ ያ ዐሥር ደቂቃ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የተላለፈ ነው እንጂ ለከተማው የተገኘ ትርፍ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር የሚደረግ መሆኑን ስናስብ፣ ክሳራው የማን እንደሚበዛ ግልጽ ነው።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ነገርም አለ። በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሰው መልሱ የተሰጠው በመንገድ ላይ በተፈጸመ ታሪክ ነው። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ሊያነሣው የቻለው ልቡ ሩኅሩኅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ በዚያው መንገድ ያልፍ ስለ ነበረም ነው። ባለጸጋው በአንድ መንገድ፣ ድኻው በሌላ መንገድ የሚሄዱባት ከተማ ጭካኔን ባታስተምርም እንኳ የርኅራኄን አጋጣሚ ታጠፋለች። ሰው ያላየውን ችግር አይቀበለውም። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛውና ነርሷ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን፣ ባይነጋገሩም እንኳ፣ አንዱ የሌላውን ድካም ያያል።

የድኻ ሰዓት

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ቤተሰቦች የራሳቸው የሆነ ቤት አስገኝቷል። ሆኖም እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት ሰፋፊ ሠፈራዎች የተሠሩት ከከተማው ዳርቻ ላይ ነው። ቤቱ ወደ ዳር ሲወጣ ሥራው፣ ገበያውና ሆስፒታሉ በአብዛኛው መሐል ቀረ። በዚህም የተነሣ ሰው ቤት ቢያገኝም ቀኑን አጣ። ገና ሳይነጋ ከቤት ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ የሚቆመው፣ ማታም ተራ አስከባሪው እስኪጠራው ድረስ በብርድ የሚጠብቀው፣ ልጆቹን ተኝተው ትቷቸው ሄዶ ተኝተው የሚያገኛቸው አባት ያጣው ነገር በገንዘብ አይተመንም።

ጊዜ ለሰው ሁሉ እኩል የተሰጠ ብቸኛ ሀብት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኩል አይወሰድም። ባለ መኪናው በመንገድ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ ይማረራል፤ ምሬቱም ይሰማለታል። በሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት የሚያጠፋው ሰው ግን ሰዓቱ እንደ ሰዓት አይቈጠርለትም። ይህ ሳይታወቀን የገባንበት ፍርድ ነው። የአንዱ ሰው ጊዜ ከሌላው ሰው ጊዜ ይበልጣል ብለን በቃል ባንናገርም፣ መንገዱን ስናከፋፍል በተግባር ተናግረነዋል። አንድ አውቶቡስ ስልሳ ሰው ይዞ ከአንድ ሰው መኪና ጀርባ ተሰልፎ ሲቆም፣ ስልሳ ሰው አንዱን ሰው እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር መስጠት ለአንዳንዶች ከባለ መኪናው መብት ላይ መውሰድ መስሎ ይታያቸዋል። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው በሁሉ ገንዘብ ከሆነ፣ በተሽከርካሪ ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር መከፋፈሉ ነው ፍትሕ የሚሆነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ብሂል ስለ መጓጓዣም የተነገረ ይመስላል።

ይህ ሐሳብ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም ያልተነካ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1963 ዓ.ም. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የከተሞችን መስፋፋት አንሥተው፣ በሕዝብ ብዛት መካከል ስለሚፈጠረው ብቸኝነትና በመንገድና በሰፈር ደረጃ የተበጠሰውን ማኅበራዊ ግንኙነት እንደ ገና ስለ መሥራት አሳስበዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. በወጣው “ላውዳቶ ሲ” በተባለው መልእክታቸው የሕዝብ መጓጓዣን ጉዳይ አንሥተው፣ ሰዎች በመጨናነቅና በአገልግሎት መጓደል ምክንያት ክብራቸውን በሚነካ ሁኔታ እንደሚጓዙ አመልክተዋል። ትኩረት የሚሻው ነገር፣ ጉዳዩን እንደ ቴክኒክ ችግር ብቻ ሳይሆን እንደ ሰብአዊ ክብር ጥያቄ ማየታቸው ነው።

የማሻሻል ዋጋ

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። “አሮጌው ሰፈር እንዲህ የሚወደስ ነበረን? መጸዳጃ የሌለው፣ ጣራው የሚያፈስ፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት፣ ክረምት በጭቃ የሚዋጥ አልነበረምን? መንገድ ለማስፋት ቤት ካልፈረሰ ከተማ እንዴት ይለወጣል?” ይባል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በጠባብ ቀበሌ ቤት ውስጥ ያልኖረ ሰው የዚያን ቤት ኑሮ በናፍቆት ቢያመሰግን በሰው ችግር እንደ መቀለድ ይቈጠርበታል። ድኽነት በጎረቤት ፍቅር ስለ ተሸፈነ ድኽነት መሆኑ አልቀረም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህን ጥያቄ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። በአንድ በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ስፍራ ተሠርቷል። ለብዙ ዘመናት እግረኛው ከቦይና ከመኪና መካከል እየተጋፋ ይሄድባቸው በነበሩት ጎዳናዎች ላይ ዛሬ ሕፃን ይዞ ሳይሰጉ መራመድ ተችሏል። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል ስም ለጥቂት ሰዓታት ጎዳናውን ከመኪና ነፃ በማድረግ የተጀመረው ሐሳብ እዚህ ላይ ቋሚ መልክ ያገኘ ይመስላል። በሌላው በኩል ግን በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሌሎችም ቦታዎች ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ሰዎች ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለዚህ ነገሩ በጥሩና በመጥፎ መካከል የመምረጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥሩው ነገር ለአንዱ ደርሶ ዋጋውን ሌላው ሲከፍል ምን ይደረጋል? የሚል ከባድ ጥያቄ ነው።

መልካም ፍጻሜ የተከፈለለትን ዋጋ አያስረሳም፤ ዕዳ ያደርገዋል እንጂ። ለጋራ ጥቅም ሲባል አንድ ሰው ከኖረበት ስፍራ እንዲነሣ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን “የጋራ” የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው የተነሣውም ሰው ከጥቅሙ ተካፋይ ሲሆን ነው። ስፍራውን ለቆ ከሄደ በኋላ ወደዚያ ውብ ጎዳና ተመልሶ ለመምጣት የቀን ገቢውን ግማሽ ለትራንስፖርት የሚከፍል ከሆነ፣ ጎዳናው የእርሱም ነው ልንለው አንችልም።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተሉ ግዴታዎች አሉ። አንደኛው፣ ሰው ከመዛወሩ አስቀድሞ በቂ ጊዜና ማስጠንቀቂያ ማግኘትና መደመጥ አለበት፤ ያልተጠየቀ ሰው የተሻለ ቤት ቢሰጠውም እንደ ዕቃ ተነሥቷልና። ሁለተኛው፣ አውቶቡሱ ከነዋሪው በኋላ ሳይሆን ከነዋሪው ጋር መድረስ ይገባዋል። ውኃና መብራት የሌለው ቤት ተጠናቀቀ እንደማይባል ሁሉ፣ መጓጓዣ የሌለውም ሰፈር ተጠናቀቀ ሊባል አይገባውም። ሦስተኛው፣ ሰዎች በተቻለ መጠን በጎረቤትነታቸው አብረው መነሣት አለባቸው። ዕድርና ዕቁብ፣ የጽዋ ማኅበርና የቡና ጎረቤት በካሣ ዝርዝር ውስጥ አይጻፉም፤ ነገር ግን ለድኻ ሰው መድኅኑም፣ ባንኩም፣ ሞግዚቱም እነዚሁ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከፈለበት ዕድር በአንድ ቀን የተበተነበት ሽማግሌ የጠፋበት ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚቀብረው ሰው ነው።

ከሩቁ መጀመር

ከሌላ አገር የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። በኮሎምቢያ የምትገኘው ሜዴዪን የተባለች ከተማ በአንድ ወቅት በግድያ ብዛት ስሟ የገነነ ነበር። ድኾቿ የሚኖሩት በዙሪያዋ ባሉት ቀጥ ያሉ ተራሮች ላይ ስለ ነበር ወደ ሥራ ለመውረድና ወደ ቤት ለመውጣት ብዙ ይደክሙ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ከተማይቱ ከእነዚያ ተራሮች ወደ አንዱ በገመድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ዘርግታ በሸለቆው ካለው ባቡር ጋር አገናኘችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሌላ ተራራማ ሰፈር ላይ ከቤት ውጭ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተከለች። መጓጓዣው ብቻውን ሰላም አመጣ ማለት አይቻልም፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤትና ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ተሠርቷልና። ከዚህ የምንማረው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። ሥራው የተጀመረው ብዙ ባለ መኪና ካለበት ሳይሆን ከሩቁና ከተረሳው ሰፈር ነው። በከተማ ውስጥ የመጨረሻው ሰው በደኅና ከተጓዘ፣ በመካከል ያለው ሁሉ በደኅና ይጓዛል፤ የፊተኛው ብቻ ሲመቸው ግን ምቾቱ ወደ ኋላ አይደርስም።

ሌላው ትምህርት ስለ ጥበቃ ነው። የምረቃ ሪባን መቍረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ፣ መለዋወጫ ማዘዝ፣ ቦይ መጥረግ ግን የዕለት ተዕለት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲጀመር 41 የነበሩት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡሮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው ይታወሳል። የቆመው ባቡር የተቀጣጠረውን ሰው ያሳፍራል፤ የቃል ኪዳን መፍረስ ነውና። ድኻው በመስመሩ ተማምኖ ቤቱን ተከራይቷል፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል። የተሠራን ነገር መጠበቅ ከመሥራት የማይተናነስ ምግባር ነው።

የእኛ ድርሻ

እስካሁን የተነገረው ለባለ ሥልጣንና ለመሐንዲስ ብቻ የተተወ አይምሰለን። መንገድ በድንጋይ ብቻ አይሠራም፤ በአጠቃቀሙም ይሠራል። ለእግረኛ በተሠመረ መሻገሪያ ላይ የማያቆም አሽከርካሪ የሠለጠነውን መንገድ ወደ ገደልነት ይመልሰዋል። በእግረኛ መንገድ ላይ መኪናውን የሚያቆም ሰው፣ አሸዋና ብሎኬት የሚከምር ባለ ቤት ለዐይነ ስውሩ ግንብ ይሠራበታል። ሰልፍ አፍርሶ የሚገባ ወጣት ከኋላው የቆሙትን እናት ሰዓት ሰርቋል። ማታ ሲመሽ ከታሪፍ በላይ የሚያስከፍል ረዳት የሰውን ችግር ሸጧል። በአንጻሩ ለአረጋዊ ወንበሩን የሚለቅ፣ የማያውቀውን ሰው ልጅ በጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሒሳብ ከኋላ ወደ ፊት በታማኝነት የሚያቀባብል ተሳፋሪ በየቀኑ የምናየው ነው፤ ከተማይቱ እስከ ዛሬ የቆመችው በእነዚህም ጭምር ነው።

ወደ አዲስ ሰፈር የመጣ እንግዳ ነዋሪ ባለበት ደግሞ ነባሮቹ ዕድራቸውን ሊከፍቱለት ይገባል። ቀድሞ የከፈለው መዋጮ እዚህ አይታወቅልህም ብሎ እንደ ባዕድ መቍጠር ሁለተኛ መፈናቀል ነው። አዲስ መጤዎቹም ተዘግቶ በሚከፈተው የብረት በራቸው ጀርባ ሳይወሰኑ በኮሪደሩ ያለውን ጎረቤት ስም ማወቅ መጀመር አለባቸው።

በመጨረሻም እውነቱ ይህ ነው። መንገድ ብቻውን ሰውን ጎረቤት አያደርገውም፤ ሰፊ ጎዳና እያለ የማይተዋወቁ ሕዝቦች አሉ። የመንገድ መጥፋት ግን ጎረቤት የነበሩትን ሊያለያይ ይችላል። መንግሥትና ከተማ ሊሠሩት የሚችሉት መገናኘትን የሚከለክለውን ማንሣት ነው፤ መገናኘቱ ራሱ የሰው ፈንታ ነው። ስለዚህ አዲስ መንገድ ተመርቆ ስናይ ስፋቱን አይተን ደስ ይበለን፤ ደስታው ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር። በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ ይልቅ በቀስታ የሚሄደው ሰው ማን ነው? እርሱስ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ የታመመ ጠይቆ፣ ቀን ሳይመሽበት ወደ ልጆቹ መመለስ ይችላልን? መልሱ “አዎን” ከሆነ መንገዱ በእውነት ተጠናቋል። “አይደለም” ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያበራ ገና ሥራ ይቀረዋል።